ወይዘሮ ደብሬን ያወረድኳቸው እኔ ነኝ

በእኛ አገር «ጠግቤያለሁ» ማለት ጠግቤያለሁ ማለት አይደለም። «ጨምሩልኝ» ማለትም አይደለም፤ ጨዋ ሰው ሊጨመርለት ሲል የሚለው ነገር ነው። «ልሂድ» ማለትም እንደዚሁ። እንግዳው ብድግ ብሎ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ባለቤቱ እጁን ይዞ መልሶ ያስቀምጠዋል። ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይቀመጣል። በሦስተኛው ተሳክቶለት ከደጅ ቢደርስ እንኳ እዚያው ቆሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወጋል። ዳባት የሚኖር አንድ አጎት አለኝ። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሆዱን አሞት የምሩን «በቃኝ» አለ። አጎረሱት። ኧረ የምሬን ነው ቢል «በሞቴ» እያሉ ሁለት ደገሙት። ከድንኳኑ ደግፈው ጤና ጣቢያ ያደረሱትም እነዚያው አጉራሾች ነበሩ። እኔ የምጠይቀው፣ የምሩን የጠገበ ሰው በምን ቋንቋ ይናገር? እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ይህን የማነሣው ስለ ምግብ ላወራችሁ ብዬ አይደለም። ስለ መንግሥት ላወራችሁ ነው።

ደባርቅ ዳር፣ ወደ ሊማሊሞ መውረጃው በኩል ያለችው ቀበሌያችን አሥራ ስድስት ዓመት የተዳደረችው በአንዲት ሴት ነው። ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። በወረቀት ላይ ሊቀመንበር ናቸው፤ እኔ ግን ርዕሰ መንግሥት ብላቸው እንዳይከብዳችሁ። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት የማን በሬ የማንን ገብስ እንደበላ ያውቃል? አያውቅም። ወይዘሮ ደብሬ ግን በሬውንም ገብሱንም ያውቃሉ፣ በሬው በማን ቸልተኝነት እንደተፈታም ያውቃሉ። እንግዲህ ከሁለቱ መንግሥት የሚባለው ማን እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የፖለቲካ ሕይወታቸው የጀመረው በበግ ነው። የቀድሞው ሊቀመንበር ሰሊጥ ሊነግድ ቆላ ወርዶ በዚያው ስለቀረ፣ ሰዉ ምትክ ሊመርጥ ተሰብስቧል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተመረጠ የለም፤ ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት እያየ ጎረቤቱን ይጠቁማል። በዚህ መሐል ወይዘሮ ደብሬ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። የጠፋች በግ ይፈልጉ ነበር። በግ አይታችሁ እንደሆነ ብለው ጠየቁ። አላየንም ሲባሉ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ታጭቆ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። በዚያን ቀን በዚያ አዳራሽ የተጠየቀ ቁም ነገር ይኼ ብቻ ስለነበረ ተመረጡ። በጓ በማግሥቱ ተገኘች፤ የአስተዳደራቸው የመጀመሪያ ስኬት ተብሎ ይቆጠርላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለዋወጠ! ከላይ የሚመጣው ባለሥልጣን ተለወጠ፣ መፈክሩ ተለወጠ፣ የስብሰባው መክፈቻ ንግግር ተለወጠ። ወይዘሮ ደብሬ አልተለወጡም። አዲስ መፈክር በመጣ ቁጥር አሮጌውን ከግድግዳው ያወርዱና አጥፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ለምን እንደማይጥሉት አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ ይመለስ ይሆናል፣ ጨርቁም ደህና ጨርቅ ነው አሉኝ። ይህን ያህል አርቆ አሳቢ መሪ የትም አገር ቢሆን አሥራ ስድስት ዓመት ይገዛል።

ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ ቆርቆሮው ቢያፈስም ባንዲራ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። መንግሥት የሚካሄደው ግን እደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ነው። ተጣልቶ ለመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ሰፌድ ይሰጠዋል። ከሳሽም ምስር ይለቅማል፣ ተከሳሽም ምስር ይለቅማል። አንገቱን ደፍቶ ጠጠር የሚለይ ሰው እንዴት አድርጎ ይጮኻል? ድምፁ እየለዘበ ይሄዳል። ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ነገሩም ከግማሽ በላይ አልቋል፤ የቀረውን እሳቸው በሁለት ቃል ይጨርሱታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ግጭት አፈታት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ። ምስር የሚባል ነገር አልተነሣም። የቀበሌው ማኅተም ደግሞ ከነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ይኖራል፤ ማልዶ ለመጣም ከገበያ መልስ ለመጣም እዚያው ድንጋዩ ላይ ይመታለታል።

ታዲያ በየዓመቱ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ወይዘሮ ደብሬ ሪፖርታቸውን ያሰማሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ያስተካክሉና ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉና ልቀቁኝ ይላሉ። አንድ ዓመት አልዘለሉም። ይህን ጊዜ አያ ሞላ ይነሣሉ። አያ ሞላ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እያሟሉ ነው የሚናገሩት። «ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ አንቺን ለቀን በማን ልንተዳደር» ብለው ይጀምራሉ። መሪጌታም ከመጽሐፍ ጠቅሰው ያጸኑላቸዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ወይዘሮ ደብሬ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈን አድርገው ይቀመጣሉ። እኛም ምን ዓይነት ጨዋ ሴት ናቸው እያልን ወደ ጠላው እንሄዳለን።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቴ እንዲቀልልኝ ነው። አምና በስብሰባው ሰሞን ስለ ሥልጣን ገደብ ሳስተምር ሰንብቼ ምላሴ ተስሎ ነበር። ወይዘሮ ደብሬ የተለመደውን ተናግረው፣ አያ ሞላ ከዘራቸውን ፈልገው እስኪነሡ ድረስ ጥቂት ክፍተት አለ። በዚያች ክፍተት እጄን አወጣሁ። ለምን? ራሴንም እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ። አንድ መሪ ልልቀቅ ካለ ጥያቄው በክብር ሊታይ ይገባል አልኩ። መተካካት የዕድገት መሠረት ነው አልኩ። «ዴሞክራሲያዊ ባህል» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያልኩ ይመስለኛል። እንዲያው ለመናገር ያህል እንጂ ውጤት ይኖረዋል ብዬ አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ውጤት ኖሮት አያውቅማ።

ወይዘሮ ደብሬ ወደ እኔ ዞረው ያልኩትን እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት፤ በዚህኛው ድምፄ ቀጠን ብሎ ነበር። እግዜር ይስጥህ ልጄ አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወጡ። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው የወረዳ ሰው ቀና ብሎ ማን ይተካ አለ። አያ ሞላ በቁጣ ከዘራቸውን ወደ እኔ ዘረጉና ያወረዳቸው ሰው ይቀመጥበት አሉ። ሰዉ በአንድ ድምፅ አጨበጨበ። በዓለም ላይ ብዙ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጓል፤ በንዴት ተጨብጭቦለት ሥልጣን የያዘ ግን ከእኔ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ ሴትየዋ ምን እንዳደረጉኝ ጠየቀችኝ። ስለ ተቋማዊ አሠራር ላስረዳት ስሞክር፣ ቦኖ ውኃ ተራ ላይ ከነገ ጀምሮ ማን እንደሚያናግራት እንድነግራት ፈለገች። እውነቷን ነበር፤ ሰላምታው እንኳ በአንገት ብቻ ሆነባት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወይዘሮ ደብሬ ቤታቸውን ቆልፈው ኮሶዬ እህታቸው ዘንድ ሄዱ ተባለ። አኩርፈው ነው አለ ሰዉ፣ ሁሉም እኔን አየ።

እኔ ግን የዋዛ ሰው አይደለሁም፤ ሥራ ጀመርኩ። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት ለጠፍኩ። አቤቱታ በጽሑፍ ብቻ ነው አልኩ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ በሬ ተጣልተው ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ደቂቃ ሰጠኋቸው፤ በአራተኛው ደቂቃ ላይ ተያያዙ። በሚቀጥለው ጊዜ ከቤት ምስር ይዤ ሄድኩ። ታላቅየው ሰፌዱን አየት አደረገና፣ ይኼ የሚያምረው ከእሳቸው ጋር ነው፣ አንተ ጋ ምን ሊሆን ነው ብሎ ትቶኝ ሄደ። ምስሩን ብቻዬን ለቅሜ ጨረስኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። ሹመቴን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ነበር። መብራቱስ ይሁን፣ በባትሪም በኩራዝም ይታለፋል፤ ወፍጮው ግን ቆመ። ጎተራው ሙሉ ገብስ እያለ ዱቄት ጠፋ። እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ጎረቤት ቀበሌ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ እዚያ ቅድሚያ ለራሳቸው ሰው ነው፣ የእኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ሳያስፈጭ ይመለሳል። በዚህ ላይ ደግሞ ወሬ መጣ። ለከተማው ያለው ትርፍ ትራንስፎርመር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ቀበሌ እየጠየቀው ነው፤ በመጪው ሳምንት ዓርብ ለአንዳችን ይወሰናል። ያን ካጣን እስከ መቼ እንደምንጠብቅ የሚያውቅ አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ ትራንስፎርመር እንዲተካልን ስለመጠየቅ የሚል፣ አንቀጽ የጠቀሰ፣ አምስት ቦታ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደባርቅ አይታ አታውቅም። የመብራቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በአክብሮት ተቀብሎኝ ይታያል አለኝ። በማግሥቱ ስሄድ እየታየ ነው። በሦስተኛው ቀን አሁንም እየታየ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት ይህን ያህል የሚታይ ምን እንዳለው እንጃ። ስመለስ አያ ሞላ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አመጣኸው ይሉኛል፤ ትራንስፎርመሩን በትከሻዬ ተሸክሜ የምመጣ ይመስል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጅ ሰጠሁ። ወይዘሮ ደብሬን ለምኜ ወደ ሥልጣናቸው ልመልሳቸው ቆረጥኩ። ለሽምግልና አያ ሞላን ይዤ በሚኒባስ ወደ ኮሶዬ ተነሣን። አያ ሞላ እስከ ዳባት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዳባት በኋላ ግን ንግግራቸውን ሲለማመዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ተሸንፎ የማያውቅ ንግግር ነውና እኔም ተስፋዬን ሁሉ እሱ ላይ ጣልኩ።

ከእህታቸው ቤት ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ካለው ሣር ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ቆላውን ሲያዩ አገኘናቸው። የገረመኝ እጃቸው ነው። ምስር የለ፣ ሰፌድ የለ፣ ማኅተም የለ፤ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል። ሳውቃቸው እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸውም ወዝ አውጥቷል፤ ያኮረፈ ሰው ፊት አልነበረም።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። አያ ሞላ ከዘራቸውን ተመርኩዘው «ኧረ እንዴት ተደርጎ» ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ ደብሬ አላስጨረሷቸውም።

«አያ ሞላ፣ እስቲ ይንገሩኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ልቀቁኝ ስል ምን መሰለዎት?»

«ጨዋነት ነዋ» አሉ አያ ሞላ። «ጨዋ ሰው አይደለሽ?»

«እውነቴን ነበር። ሁልጊዜም እውነቴን ነበር። ባለቤቴ የታመመ ዓመት፣ አጠገቡ ልሁን ብዬ ነው የተነሣሁት። እናንተ እልል አላችሁ። እሱ ሲያርፍ እኔ የሰው የድንበር ጠብ ላይ ነበርኩ፣ ምስር እያስለቀምኩ።»

እኔ አፈርኩ። ያን ዓመት አስታውሰዋለሁ። ባለቤታቸው መታመማቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሄደን ጠይቀናቸዋልም። ስብሰባው ላይ ግን ከማንም አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ለአንዲት ሴት ክብር የሰጠን መስሎን ባሏን የምታስታምምበትን ጊዜ ቀማናት፤ ይህን በሌላ ቃል ማለት አልችልም።

አያ ሞላ ከዘራቸውን ሣሩ ላይ አጋደሙና ጎናቸው ተቀመጡ።

«እንግዲያስ ይበቃሻል፣ ደብሬ» አሉ። «እረፊ።»

ወይዘሮ ደብሬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ቃሌን የሰማኸኝ አንተ ብቻ ነህ ብለው መረቁኝ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እሳቸውን መች ሰማኋቸውና፤ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ግን እንዲህ ያለ ምርቃት ይመለሳል? ዋጥኩት። አሁን ሳስበው፣ በሥልጣን ዘመኔ የሠራሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ነው።

ይመለሱ የሚለው ነገር በዚሁ ተዘጋ፤ ትራንስፎርመሩ ግን አልተዘጋም። ነገርኳቸው። ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ ጠየቁኝ፤ አንድ፣ ከነግልባጩ ስድስት አልኳቸው። ምሳ ይዤ ሄጄ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልገባኝም። አስረዱኝ። አገልግል ይዘህ ሂድ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥ፣ ምንም አትጠይቅ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፈትተህ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ኑ እንብላ በል፣ በማግሥቱም እንዲሁ አድርግ አሉኝ። እንጀራዬን በልቶ ነገ ተመለሺ ያለኝ ሰው ከበየዳ እስከ ኮሶዬ አላገኘሁም አሉ። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና፣ ይህ ነገር ወደ ሙስና አይጠጋም ወይ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ ብቻህን ልትበላ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ የዚህ መልስ የለም።

ሰኞ አገልግሌን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተሰየምኩ። ለትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሞልቼ ነው፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ምሳ» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ ኩርፊያዋን ሳትተው ሽሮው ላይ ቅቤ አብዝታበት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቷና ሁለት ቴክኒሻኖች ቀረቡ። ማክሰኞ ስድስት ሆኑ። ረቡዕ ጾም ነው፤ በምስር ወጥ ሄድኩ። ኃላፊው ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ቆሞ አንድ ሁለቴ ከጎረሰ በኋላ፣ መምህር በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ የምትፈልገውን ንገረኝ አለኝ።

የገረመኝ ግን ከምግቡ ይልቅ ወሬው ነው። ሰው ሲበላ ያወራል። ለካ ትራንስፎርመሩ ያልተነሣው በክፋት አልነበረም። የእኛ አሮጌ ምሰሶ በስብሷል፤ አዲስ መተከል አለበት፤ ጉድጓድ የሚቆፍርና ምሰሶ የሚያነሣ በቂ ሰው የላቸውም። ይህን እኔ በደብዳቤዬ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ሌላው ቀበሌም እንደ እኔ ግልባጭ ሲያበዛ ነው የሰነበተው። ሰው አመጣለሁ አልኩት። ኃላፊው ካመጣህማ ዓርብንም አልጠብቅ አለኝ።

ሐሙስ ማለዳ አያ ሞላ አርባ ሰው ከነዶማውና ከነአካፋው አሰልፈው መጡ። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ምሰሶው ቆመ፣ ትራንስፎርመሩ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ጮኸ። ያን ድምፅ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንባም መጥቶብኝ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሰው ዱቄቱ ነው አልኩት። ዱቄት ገና አልወጣም ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ፣ እሑድ ሳይጠበቅ፣ ሕዝቡ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። አያ ሞላ ለምስጋና ተነሡ። እኔ ጋቢዬን አስተካከልኩ። ፊቴን ትሑት አደረግሁ። ኧረ እኔ ምን አደረግሁ፣ የሁላችንም ሥራ ነው የሚል መልስም አዘጋጅቻለሁ። አያ ሞላ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እያሟሉ፣ ኮሶዬ ተቀምጠው ደባርቅ ላይ መብራት ያበሩልንን ወይዘሮ ደብሬን አመሰገኑ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ከሁሉም ረዥሙ የባለቤቴ ነበር። የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍላቸው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ማን ይጻፈው? ሊቀመንበሩ ነዋ።

ጻፍኩት። በሩቅ ሆነው ለተጫወቱት የላቀ ሚና ብዬ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ በሚኒባስ ላክሁላቸው። አልዋሻችሁም፣ መልሳቸውን በጉጉት ነው የጠበቅሁት። ሌላው ቢረሳ እሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ደወሉ። ደብዳቤው መድረሱን ነገሩኝ። እህታቸው ሁለት ጊዜ እንዳነበበችላቸው፣ የእጅ ጽሑፌም እንደሚያምር ነገሩኝ። እኔም ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ ጠበቅሁ።

«ማኅተሙ ግን ግማሹ ብቻ ነው የወጣው» አሉ። «ከሥሩ ጨርቅ አንጥፍና ጠበቅ አድርገህ ምታው። ገና ብዙ ዓመት የምትመታው ነውና ከአሁኑ እጅህን አስለምደው።»